የይለፍ ቃል ይቀመጥ?

ኮቱን ሲያቀብላት እጁ ተንቀጠቀጠ።

ይሄ በስምምነታቸው ውስጥ አልነበረም። ላውንደሪ ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሊያዛጋ ይችላል፣ ሊነጫነጭ ይችላል፤ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም። በሽፋን ስሟ መርፌ የምትባለው ሴት የያዘችውን ግራጫ ኮት አግዳሚው ላይ ጣል አደረገችና የሱን ግራጫ ኮት ተቀበለች። ኮቶቹ መንትያ ናቸው፤ ሁለቱም የወንድ፣ ሁለቱም ያረጁ። የሱ ጠርዝ ውስጥ ግን ከጥፍር የማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ ተሰፍታለች።

«ምን ሆነሃል?» አለችው፣ ዓይኗን ከማጠቢያ ማሽኑ ሳታነሳ።

«ጠዋት የጥበቃው ጓንቴ አሰለፈን። የመጋዘኑን ሰው በሙሉ።»

«እሺ?»

«‹ከመሃላችሁ ጨው የሚባለው ማነው?› አለ።»



ጨው ማለት እሱ ነው። የመድኃኒት አስመጪው ኩባንያ የመጋዘን ኃላፊ፣ የመንታ ሴት ልጆች አባት። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ቀኑ ተፍቆ አዲስ ቀን ሲታተምበት፣ የሕፃናት ሽሮፕ ሳይቀር፣ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ስላቃተው ነው እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባው። እሷ ደግሞ እዚያው ኩባንያ ፎቁ ላይ የኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ባጇ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው። ጨው የሚለውን ስም ያወጣችለት እሷ ናት። በዚህ ዓለም ላይ ያን ስም የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሱ፣ እሷ፣ እና የሷ አለቃ ጋሼ።

«ማን ነገረው?» አለ ጨው። «እኔ ለሚስቴ እንኳ አልተነፈስኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው እኮ።»

«አውቃለሁ አልኩህ። እውነተኛ ስምህን አላገኘውም። ቢያገኘው ኖሮ ማሰለፍ ምን ያደርግለታል? ቀጥ ብሎ ይመጣልህ ነበር።»

«የጥርስ ሐኪሙስ?»

የጥርስ ሐኪሙ የሁለቱ ብቻ ምስጢር ነው። ከማያውቀው ቁጥር ተደውሎ «የጥርስ ሐኪም ቤት ነው?» ከተባለ፣ ጨው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወዲያው ይወጣል። ሻንጣ የለም። ስንብት የለም። ጋሼ ራሱ በሩ ላይ ቢቆም አይከፍትለትም። ይሄን የመጨረሻውን የጨመረችው እሷ ነበረች፤ ያኔ ለቀልድ ያህል ነበር።

«ገና ነው» አለችው። «አሞኛል በልና ቤትህ ሂድ። ጋሼ መጥቶ ያወጣሃል።»

ጨው አግዳሚው ላይ የነበረውን ኮት አንስቶ ወጣ። እሷም ወጣች። ካርዷን ከነኮቱ አውቶቡስ መናኸሪያው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ከተተችና ፌርማታው ላይ ቆማ ደወለች።

«ጋሼ፣ ጨው ተቃጠለ፤ የሽፋን ስሙ ጓንቴ ጋ ደርሷል።»

ያ ረጋ ያለ ድምፁ መጣ። ጋሼ ያሠለጠናት ሰው ነው። የሰው ጫማ ማየትን፣ በሱቅ መስታወት ጀርባን መጠበቅን፣ ክፍል ከመግባት በፊት መውጫውን መፈለግን ያስተማራት እሱ ነው። ሚስቱ እትዬ ከልጆቿ ሳትለይ አብልታታለች። መርፌ አባቷን አታውቅም። አንድ ቀን ከአፏ አምልጧት ጋሼን «አባዬ» ብላው ነበር፤ እሱም አላረማትም።

«አይዞሽ ልጄ። አወጣዋለሁ። ግን ስሙንም የሚኖርበትንም አላውቅ።»

እውነቱን ነው፤ አያውቅም። የቤቱ ደንብ ነው። ቤቱ የሚሉት የስለላ መሥሪያ ቤታቸውን ነው። ቤቱ ውስጥ የሰውን እውነተኛ ስም የሚያውቀው የመለመለው ብቻ ነው፤ አለቃ የሚያውቀው የሽፋን ስሙን ነው። አደጋ ሲመጣ የመዝገብ ክፍሉ እውነተኛውን ስም ለአለቃው ይልካል፣ ያውም መልማዩ ከፈቀደ። በስልክ ስም አይጠራም።

«ፍቀጂልኝና ይላክልኝ» አለ ጋሼ።

«ፈቅጃለሁ።»

አንዲት ቃል ናት። በኋላ ይቺን ቃል ስታስታውስ ምላሷን መንቀል ያምራታል።

ኩባንያው በር ላይ ስልኳን አስረከበች። የጓንቴ ሕግ ነው፤ ሠራተኛም ሆነ እንግዳ ስልክ ይዞ አይገባም። ጓንቴ የጥበቃ ኃላፊው ነው። ግራ እጁ ላይ ሁልጊዜ ጥቁር የቆዳ ጓንት አለ፣ ሙቀት ሰውን ሲያቀልጥ እንኳ አያወልቀውም። ለምን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። የጠየቀው አንድ ሾፌር ነበር ይባላል፤ አሁን ኩባንያው ውስጥ የለም።

«ጠጋኟ» አላት። «የስብሰባ ክፍሉን ኮምፒውተር እይልኝ። ከምሳ በኋላ እንግዳ አለኝ። ባለፈው ሲንቀራፈፍ አናደደኝ።»

«እሺ ጌታዬ።»

የስብሰባ ክፍሉ ምንጣፍ ምንጣፍ ይሸታል። ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን፣ ጥግ ላይ ኮምፒውተሩ። ተቀመጠች፣ ብሮውዘሩን ከፈተች፣ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ሴቲንጉ ውስጥ ገባች።

የይለፍ ቃል ማስቀመጫው በርቷል።

«ይሄ ቀፎ ራስ» አለች ለራሷ። የኩባንያውን ዳይሬክተር ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን የኩባንያውን ኮምፒውተሮች ሁሉ ዞራ አጥፍታዋለች፤ ብሮውዘር የይለፍ ቃል አያስቀምጥም፣ በራሱም አይሞላም፣ አለቀ። ጥሩ ጠጋኝ ያደርገዋል፤ ጥሩ ሰላይም ያደርገዋል። ዳይሬክተሩ ግን አኩርፎ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እኔ የሚስቴን ልደት የማላስታውስ ሰው፣ ያን ሁሉ የይለፍ ቃል በቃሌ ልያዝልሽ?» አለና ጀርባዋን ስትሰጥ መልሶ አበራው።

የሰው ልጅ ስንፍና ያንገበግባታል። ቤቱ ውስጥም ያው ነው። ጋሼን ስንት ጊዜ ለመነችው። «ያ ‹የይለፍ ቃል ይቀመጥ?› እያለ ብቅ የሚለውን እሺ አትበለው። ሲጠይቅህ ‹በጭራሽ› በለው። ማሽኑ ላይ ያስቀመጥከውን ማሽኑ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ያገኘዋል።» ጋሼ ይስቃል። ቤቱ በየጊዜው የሚቀይረውን የፊደልና የቁጥር ዝባዝንኬ በብጣሽ ወረቀት ይጽፍና፣ አንዴ ከገባበት በኋላ ወረቀቱን አኝኮ ይውጠዋል። በዓይኗ አይታዋለች፣ ይውጠዋል። ወረቀት እንዳይከዳው የሚውጥ ሰው፣ ብሮውዘሩ ለሚጠይቀው ግን ሳያነብ «አስቀምጥ» ይጫናል። «እኔ ሽማግሌ ነኝ ልጄ፣ ማስታወስ የማሽን ሥራ ነው» ይላታል። ጆሮ ዳባ ልበስ።

የተቀመጡትን ልታጠፋ ዝርዝሩን ከፈተች። ባንክ። ጉምሩክ። የእግር ኳስ ውጤት። የመጋረጃ ጨርቅ መሸጫ።

እጇ ማውዙ ላይ ቀረ።

እንዲህ የሚባል ሱቅ የለም። ገጹ ላይ የጨርቅ ፎቶ አለ፣ ዋጋ አለ፣ ሱቅ ግን የለም። ከጀርባው ያለው የቤቱ የመልእክት ሳጥን ነው። እሷ ከዚህ ሕንፃ ሆና አንድ ቀን ከፍታው አታውቅም። ጨው ደግሞ መኖሩንም አያውቅ።

ከገጹ አጠገብ የተጠቃሚው ስም ተጽፏል።

የጋሼ ነው።

ምክንያት ፈለገችለት። ለሥራ መጥቶ ይሆናል፣ ሳይነግራት እየጠበቃት ይሆናል፣ ሌላ ሰው በስሙ ገብቶ ይሆናል። እየፈለገችለት ገጹን ከፈተች። ብሮውዘሩ ሁለቱን ሳጥኖች ራሱ ሞላቸው፤ ላይ ስሙን፣ ታች የነጠብጣብ ረድፍ። አንዴ ተጫነች። ማነሽ እንኳ ሳይላት አስገባት።

ከጓንቴ ጋር የተጻጻፉት ነው። ጋሼ ለቤቱ «ጓንቴን እያግባባሁት ነው» ብሎ አስመዝግቧል፤ ቢጽፍለትም የሚጠይቀው የለም። የአለቃን ሳጥን ደግሞ ማን ደፍሮ ይከፍታል።

«ጠዋት አሰልፋቸው» ይላል ጋሼ። «‹ጨው› የምትለዋን ቃል ጣል አድርግባቸው። ሰውየው ይደነግጣል። ድንጋጤው ስሙን እኔ ጋ ያመጣዋል።»

«ስሙን ከነቤታችሁ ማኅተም ካላየሁ አላምንህም» ይላል ጓንቴ። «በኔ ማሽን፣ በኔ ፊት ትከፍተዋለህ።»

«ዛሬ ከምሳ በኋላ። መጀመሪያ ጨው። መርፌን ሌላ ቀን እንነጋገራለን፤ እሷ ዋጋዋ ሌላ ነው።»

እሷ ዋጋዋ ሌላ ነው።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ይሄ ሰው ትናንት ደውሎ «ምሳ በልተሻል?» ብሏት ነበር። ይሄ ሰው ብርድ ሲመታት በእትዬ እጅ ሾርባ ልኮላት ነበር። እና ልክ እንደ በግ አሳድጎ ገበያ ሊያወጣት ነው። ብትጮህ ደስ ባላት፤ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ግን መጮህ አይቻልም።

«አፈር ብላ» አለች በጥርሷ መሃል። «አፈር ብላ፣ የኔ አባት።»

ከሁሉም በላይ ገና ያልተነበበ መልእክት ተቀምጧል። ከመዝገብ ክፍል። ከፈተችው። የጨው እውነተኛ ስም፣ የመኖሪያ ቤቱ አድራሻ፣ የመንቶቹ ትምህርት ቤት፣ ከነማኅተሙ። በሷ ፈቃድ።

የይለፍ ቃሉን ብትቀይረው ጋሼ ስልክ ላይ ወዲያው መልእክት ይደርሳል፤ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ይነቃል። ስለዚህ አልቀየረችውም። የመዝገብ ክፍሉን መልእክት አጠፋች፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያውም አጠፋችው። ከዚያ የሁለቱን መጻጻፍ በሙሉ ከጋሼ ሳጥን ለቤቱ የበላይ ኃላፊ ላከችው። ከላይ አንድ መስመር ብቻ ጨመረች፤ «ማስረጃው ሁሉ ተያይዟል። ሰው ወደ መጋዘኑ ላኩ።» ስሟን አልጻፈችም። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ስም አይጻፍም።

ወጥታ መሄድ ነበረባት። አልሄደችም። ዝርዝሩ ውስጥ ተመልሳ የዓይን ምልክቷን ተጫነች፤ ነጠብጣቦቹ ተገለጡ። ዝባዝንኬውን አንዴ አንብባ በቃሏ ያዘችው። ማንበብና መያዝን ያስተማራት ያው ጋሼ ነው። ከዚያ የተቀመጠውን ሁሉ ደመሰሰች፣ ማስቀመጫውን አጠፋች፣ በራሱ መሙያውንም አጠፋች። ብልህነት ነው ብላ አይደለም። ንዴት ነው።

ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ ጉንጯን ይዛ ነበር።

«እህቴ፣ ጥርሴ ሊገድለኝ ነው። በጠረጴዛሽ ስልክ ሐኪም ጋ ልደውል?»

«ደውይ እንጂ የኔ እናት። ፊትሽ እኮ ልክ አይደለም።»

ፊቷ ልክ እንዳልሆነ አላጣችውም። ቁጥሩን መታች። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ።

«ሃሎ?»

«የጥርስ ሐኪም ቤት ነው?»

ወንበር ሲገፋ ተሰማት።

«ተሳስተሻል እህቴ» አለ ጨው፣ ድምፁ እንደ ወረቀት ሳስቶ። ዘጋው።

ደረጃውን ልትወርድ ስትል ከታች ጋሼን አየችው። ስልኩን ለዘበኛው እያስረከበ ነው። ያው ጥቁር ሰማያዊ ሱፉን ለብሷል፣ ጸጉሩን ተስተካክሏል። ወደ ኋላ ተመልሳ የወረቀት መደርደሪያው ጀርባ ቆመች። ከጓንቴ ጋር እያወራ አለፈ። ፈገግ ብሎ ነበር። እነሱ ገብተው በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች፤ ከዚያ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

«ጠጋኟ!»

ከላይ ነው። የጓንቴ ድምፅ ነው።

«ወዲህ ነይ።»

ስትገባ ጋሼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ትልቁ ስክሪን ላይ የመጋረጃ ጨርቆች ተዘርግተዋል፤ ከመሃላቸው ሁለት ባዶ ሳጥኖች። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ጋሼ ዞር ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። ያሠለጠነው እሷን ብቻ ሳይሆን ራሱን ጭምር ነው።

«እዚህ ውስጥ ነበር» አለ ለጓንቴ። «ባለፈው ራሱ ነው የሞላልኝ።»

«የት ሄደ?» አለ ጓንቴ ወደ እሷ።

«አጥፍቼው ነው ጌታዬ። ኮምፒውተሩን እይው ብለውኝ የለ? ማስቀመጫው በርቶ አገኘሁት። የይለፍ ቃል ብሮውዘር ላይ አይቀመጥም የሚል ደንብ አለ፤ እርስዎ ራስዎ የፈረሙበት።»

«እንዴ፣ ፈርሜያለሁ?»

«ፈርመዋል።»

ጓንቴ ወደ ጋሼ ዞረ። «እሺ፣ አንተ አታስታውሰውም?»

«ረጅም ነው። ወረቀት ላይ ነበር።»

«ወረቀቱስ?»

ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ዋጥኩት።»

ጓንቴ ሳቀ። የሳቁ መጨረሻ ግን ሳቅ አልነበረም። «ወረቀቱን በልተህ፣ ቃሉን ለኔ ማሽን አደራ ሰጥተህ፣ አሁን ደግሞ ባዶ እጅህን መጣህ። እኔ ጋ ለመቀለድ ነው የመጣኸው?»

ጋሼ እንደገና አያት። በዚህ ጊዜ ቆየ። ያን ልመና ሁሉ ሲያስታውስ አየችው፤ «በጭራሽ በለው» ያለችውን። ገባው። ከገባው በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ማሰብ ጀመረ፤ አገጩን ሲያሻሽ ታውቀዋለች፣ እንዲህ የሚያደርገው መንገድ ሲቀይር ነው።

«ያ ስም ይቆይ» አለ። «ሌላ ስም አለኝ።»

እጁን ከአገጩ አወረደ።

«ማኅተም አያስፈልገውም። እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰው ነው።»

«ጌታዬ» አለች መርፌ። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «አንድ ነገር ልሞክር? የተደመሰሰ ነገር ማሽኑ ውስጥ ርዝራዥ ይተዋል። አንዳንዴ ይወጣል።»

ውሸት ነው። ማንኛውም ጠጋኝ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ክፍሉ ውስጥ ግን ያለችው ጠጋኝ እሷ ብቻ ናት።

«ሞክሪ» አለ ጓንቴ።

በጋሼ ትከሻ ላይ ጎንበስ አለች። የሳሙናው ሽታ ያው የቤታቸው ሳሙና ነው። ኪቦርዱን ሳበችና የማይረባ መስኮት ከፍታ ዘጋች፣ ሌላ ከፍታ ዘጋች፤ ከዚያ በቃሏ የያዘችውን ዝባዝንኬ መታችው። ከሥር «የይለፍ ቃል ይቀመጥ?» የምትለዋ ብቅ አላለችም። ጠፍታለቻ።

ሳጥኑ ተከፈተ።

ጋሼ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ሮጠ። የመዝገብ ክፍሉ መልእክት የለም።

«መዝገብ ክፍሉ ገና አልላከውም» አለ በችኮላ። «ትንሽ ብንጠብቅ—»

«ምናልባት በስህተት ሌላ ቦታ ገብቶ ይሆናል» አለች መርፌ፣ ሰው ለመርዳት እንደምትጥር። «የተላኩት ውስጥ ልይልዎት።»

ተጫነች። ትልቁ ስክሪን ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ የዛሬው መልእክት ወጣ። ለቤቱ የበላይ ኃላፊ። ከጋሼ።

ጓንቴ ጮክ ብሎ አነበበው። «ማስረጃው ሁሉ ተያይዟል። ሰው ወደ መጋዘኑ ላኩ።»



«ይሄን እኔ አልላኩም» አለ ጋሼ።

«የማን ሳጥን ነው?»

«የኔ ነው፤ ግን—»

«የይለፍ ቃሉን ካንተ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«የለም። ማሽኑ ብቻ ነው።»

ከአፉ ሲወጣ ራሱም ሰማው። ሊመልሰው ፈለገ፣ አልተመለሰም። ከወንበሩ ብድግ ብሎ በጣቱ ጠቆማት።

«እሷ ናት። መርፌ ማለት ይቺ ናት። ሌላው ስም የሷ ነው፤ አሁን ልነግርህ ስል ነበር እኮ።»

ጓንቴ አያት። ረጅም አያት። ጓንት ያደረገው እጁ ጠረጴዛውን በቀስታ ይመታል።

መርፌ ጉንጯን ያዘች። «መርፌ ነው ያሉት? ጌታዬ፣ እውነቴን ነው፣ እኔ እዚህ ነገር ውስጥ የለሁበትም። ጥርሴን አሞኝ ሐኪም ጋ ልሄድ ስል ነው የጠሩኝ።»

«እውነቷን ነው» አለች ጸሐፊዋ ከበሩ፤ ጩኸቱን ሰምታ ብቅ ብላ ነበር። «ቅድም ከኔ ስልክ ነው የደወለችው፣ ምስኪን።»

ጓንቴ ራሱን ነቀነቀ። «ጎርፍ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል» አለ። ወደ ጋሼ እየተራመደ ነው። «ጠጋኟን ያዝክብኝ? ሌላ አጣህ?»

«ልጄ» አለ ጋሼ።

ለጓንቴ አይደለም። ለሷ ነው።

አንድ ቃል ብትናገር ይተርፍ ነበር። «እውነቱን ነው» ብትል እሱ ይተርፋል፣ እሷ ትሞታለች፣ ከሷ አፍ ደግሞ የጨውን ስም ያወጡታል። አንድ ቃል ጠዋት ሰጥታዋለች። ሁለተኛ አትሰጠውም።

«በርቱ እንግዲህ» አለችው፣ አንቱታውን ሳትለቅ፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚባለው። በሩን ዘግታ ወጣች።

ስልኳን ተቀበለች። ዘበኛውን «ደህና ዋል» አለችው። መንገዱን ተሻግራ አውቶቡስ ስትጠብቅ የኩባንያው ጥቁር መኪና በኋላ በር ወጥቶ ወደ መጋዘኑ ሲከንፍ አየችው። ከኋላ መቀመጫው ላይ የጋሼ ጥቁር ሰማያዊ ትከሻ ነበር፣ ግራና ቀኝ ተይዞ። የቤቱ መኪኖች በሌላው መንገድ እየመጡ ነበር። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ታውቅ ነበር። አውቶቡሷ መጣች፤ ተሳፈረች።

የቤቱ ሰዎች መጋዘኑ ሲደርሱ ቀን መፋቂያውን፣ ማተሚያውን፣ አዲስ ቀን የታተመበትን ሽሮፕ በካርቶን በካርቶን አገኙት። መርፌ ከመናኸሪያው አውጥታ ባስረከበቻት ካርድ ላይ ያሉት ጨው ያነሳቸው ፎቶዎች የቀረውን ጨረሱት። ጓንቴ እጁን ወደ ላይ አድርጎ ተያዘ። ጋሼን ከካርቶኖቹ ጀርባ አገኙት። ሞቶ።

የበላይ ኃላፊው ከጥቂት ቀናት በኋላ አስጠራት። ቢሮው ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ፤ እንድትቀመጥ ግን አልጋበዛትም።

«በሥራ ላይ ወደቀ ተብሎ ይመዘገባል» አለ።

«ማን?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ሸጦናል እኮ። መልእክቱን አንብበውታል።»

«አንብቤዋለሁ። ቤቱ ከሃዲ አሳደገ አይባልም።»

«ስለዚህ ጀግና ይባላል? የሁለት ሕፃናት ትምህርት ቤት አድራሻ ለነፍሰ ገዳይ ሊሰጥ የነበረ ሰው?»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

«አላደርግም። ጨውስ? ጨው ምን ይባላል?»

«ጨው ደህና ቦታ ነው፣ ከነቤተሰቡ። የት እንደሆነ አትጠይቂ። ልጆቹ አዲሱን ስማቸውን ገና አልለመዱትም ይላሉ፤ ይለምዱታል።»

«እኔስ?»

«አንቺ እዚያ አልነበርሽም።»

እንዲያ ነው እንግዲህ። ገዳዩ እስር ቤት፣ ከሃዲው አበባ ሥር፣ እውነተኛው ሰው ስሙን ተነጥቆ ስደት። ምን ይሉታል ይሄን? ቢሮውን ስትወጣ በሩን በሙሉ ጉልበቷ ወረወረችው። ሌላ ልታደርገው የምትችለው ነገር አልነበራትም።

ለቅሶ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። መሄድ አልፈለገችም፤ እትዬ ራሷ ደውላ ጠራቻት።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ» አለች እትዬ እጇን ይዛ ወደ ጓዳ እየወሰደቻት። ዓይኗ አብጧል። «የሁላችንም ፎቶ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የይለፍ ቃል አምጪ ይለኛል። እሱ እንደሁ ታውቂው የለ፣ ምንም አያስታውስ ነበር። ሁሉን ነገር ማሽኑ ነው የሚያውቀው።»

መርፌ ተቀመጠች። ማሽኑን መክፈት አላስቸገራትም፤ ሥራዋ ነው። ብሮውዘሩን ስትከፍት ያው ሆነ። የፎቶውን ገጽ ሞላው፣ የመጋረጃውን ሞላው፣ አይታው የማታውቀውን ሌላ የመልእክት ሳጥንም ሞላው። ከፈተችው። ለጓንቴ የተጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ቀን አለው። እሷ ሥልጠና ጨርሳ እዚህ ቤት የመጣችበት፣ እትዬ «ብዪ፣ ከሲታ» እያለች ያበላቻት ሰሞን ነው።

ያኔም እየሸጣት ነበር። አፏ ውስጥ እህል እያለ።

እትዬ ከኋላዋ ቆማለች፤ ትከሻዋ ላይ እጇን ጣል አድርጋ። መነጽሯን አላደረገችም። ዞር ብላ «እትዬ፣ ነይ አንብቢ» ብትላት በቂ ነው። ቤቱ ምን ያመጣል? ይቺ ሴት እውነቱን የማወቅ መብት የላትም? ጣቷ ማውዙ ላይ ጠበቀ።

«አገኘሽው ወይ?» አለች እትዬ።

መርፌ ሳጥኑን ባዶ አደረገችው። የተቀመጡትን የይለፍ ቃላት አንድ በአንድ ደመሰሰች፣ ማስቀመጫውን አጠፋች፣ በራሱ መሙያውን አጠፋች። ፎቶዎቹን በፍላሽ አውጥታ እትዬ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት። ጥርሷን ስለነከሰች መንጋጋዋ ታመመ፤ በዚህ ጊዜ የእውነት ነው።

«ፎቶዎቹ ናቸው እትዬ። ሌላ ምንም የለም።»

እትዬ ጉንጯን ሳመቻት። «ይወድሽ ነበር እኮ» አለቻት።



በረንዳው ላይ ኮቷን ለበሰች። ግራጫ የወንድ ኮት ነው፤ ጠርዙ ተተርትሮ በደንብ አልተሰፋም፣ ትከሻዋ ላይም ይሰፋታል። መንትያውን አንድ ሰው የሆነ ከተማ ውስጥ ለብሶት ይሆናል፣ ልጆቹን በአዲሱ ስማቸው እየጠራ። ደረጃውን ስትወርድ አንዲት ጎረቤት እትዬን ስትጠይቃት ሰማች።

«ይቺ ልጅ ማናት?»

«ይቺ?» አለች እትዬ። «ኮምፒውተር የምትጠግን ልጅ ናት።»